ከኮቪድ ያገገመ ሰው ለምን ዳግም ይያዛል?



ተላላፊ በሽታ ታሞ የዳነ ሰው ያው በሽታ ዳግም አይደርስበትም የሚለው እምነት በሕዝብ ዘንድ ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለብዙ ትውልድ ሰውን ሲፈጁ የኖሩት ፈንጣጣና ኩፍኝ ይህንኑ ሲያስተምሩ ኖረዋልና። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ከመስፋፋቱ በፊት ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል የተወሰደ ፈሳሽ የጤነኛ ሰው ቆዳ በጥቶ የማስገባት ልማድ እንደነበር የ19ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኞች የመዘገቡት ሲሆን፣ የልማዱም መሠረት ቀለል ያለውን ሕመም ታሞ የተነሣ ሰው ከከባዱ ይጠበቃል የሚል ከልምድ የተገኘ ዕውቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 በሰሜን አትላንቲክ በሚገኙት የፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገብቶ አብዛኛውን ነዋሪ ባዳረሰ ጊዜም፣ ፔተር ፓኑም የተባለው ዴንማርካዊ ሐኪም በ1781 በደረሰው ወረርሽኝ ታመው ከተረፉት አረጋውያን መካከል ከ65 ዓመት በኋላ አንድም ዳግም የተያዘ እንዳልነበረ አስተውሎ ጽፏል።

ኮቪድ-19 በ2020 መጀመሪያ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ሕዝቡም፣ ከመንግሥታትም ጥቂት የማይባሉት የጠበቁት በዚሁ የፈንጣጣና የኩፍኝ መለኪያ ነበር። በመሆኑም ታመው ከዳኑ ከጥቂት ወራት፣ አንዳንዴም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና የታመሙ ሰዎች መታየት ሲጀምሩ፣ ገሚሱ ወሬውን ሐሰት ነው ብሎ ሲያጣጥል ገሚሱ ደግሞ የሰው አካል ይህን ቫይረስ ጨርሶ ሊቋቋመው አይችልም፣ ክትባትም ከንቱ ነው ወደሚል ተስፋ መቁረጥ አዘነበለ። ሁለቱም ወገኖች የተሳሳቱት ሁለት ልዩ ልዩ ጥበቃዎችን እንደ አንድ በመቁጠራቸው ነው። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ገብቶ እንዳይራባ የሚያደርገው ጥበቃ አንድ ነገር ሲሆን፣ ገብቶ ከተራባም በኋላ ሕመሙ ወደ ሳንባ ዘልቆ ለሞት እንዳያደርስ የሚያግደው ጥበቃ ሌላ ነገር ነው፤ በኮቪድ ላይ የመጀመሪያው በወራት ውስጥ የሚሳሳ ሲሆን ሁለተኛው ግን እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይህን ልዩነት ሳይለዩ የተሰጡ ውሳኔዎች በአንዳንድ ቦታ የሰው ሕይወት አስከፍለዋል።

በእርግጥ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ነበር። ኮሮና ቫይረሶች በአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ብዙ ቫይረሶች ናቸው፤ ከእነዚህም 229ኢ፣ ኦሲ43፣ ኤንኤል63 እና ኤችኬዩ1 የሚባሉት አራቱ ከኮቪድ በፊትም በሰው መካከል እየተዘዋወሩ ተራ ጉንፋን ሲያስከትሉ ኖረዋል። በአምስተርዳም ከተማ ከ1985 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ደማቸው ተወስዶ የተቀመጠ አሥር ጤነኛ ሰዎች ናሙና በ2020 እንደገና ሲመረመር፣ እነዚሁ ሰዎች በዚያው በአንድ ዓይነት ቫይረስ ደጋግመው መያዛቸው ታወቀ፤ በሁለት መያዞች መካከል ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆን አጭሩ ስድስት ወር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ኤፕሪል 24 ቀን 2020 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ አንዳንድ መንግሥታት ላገገሙ ሰዎች እንደ ይለፍ ወረቀት የሚያገለግል የምስክር ወረቀት ለመስጠት ማሰባቸውን ጠቅሶ፣ ያገገመ ሰው ዳግም እንደማይያዝ የሚያረጋግጥ ማስረጃ በወቅቱ እንዳልነበረ አስታውቋል።

ይሁን እንጂ ካገገሙ በኋላ እንደገና «አለበት» የሚል የምርመራ ውጤት ማግኘት ሁልጊዜ ዳግም መያዝን አያመለክትም፤ መለየት ያለባቸው ሦስት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው የሞተ ቫይረስ ስብርባሪ በምርመራ መታየቱ ነው። የደቡብ ኮሪያ የጤና ባለሥልጣናት በ2020 የፀደይ ወራት ከኮቪድ ነፃ ተብለው ከሕክምና ከወጡ በኋላ እንደገና ቫይረሱ የተገኘባቸውን 285 ሰዎች መርምረው፣ ከእነርሱ ጋር የተገናኙ 790 ሰዎችንም ተከታትለው ነበር፤ ከተወሰዱት ናሙናዎች ሕያው ቫይረስ ለማራባት የተደረገው ሙከራ አልተሳካም፣ ከእነዚህ ሰዎች በሽታው እንደተላለፈበት የተረጋገጠ ሰውም አልተገኘም። ምክንያቱ ከምርመራው ጠባይ የሚመነጭ ነው። ፒሲአር የተባለው ምርመራ የሚፈልገው የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ሲሆን፣ ቅንጣቱን እያባዛ ስለሚያሳይ በአፍንጫና በጉሮሮ ግድግዳ ላይ የቀረውን የሞተ ቫይረስ ስብርባሪ ከሕያው ለይቶ አይነግርም፤ ይህ ስብርባሪ ደግሞ ከማገገም በኋላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ሁኔታ ማገርሸት ነው። ያው የመጀመሪያው ቫይረስ ከሰውነት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቁጥሩ ወርዶ፣ ምልክቱም ጠፍቶ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ይነሣል። ይህ ክስተት በሰፊው የታወቀው ፓክስሎቪድ የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ሲሆን፣ በወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆ ባይደን ጁላይ 21 ቀን 2022 ቫይረሱ ተገኝቶባቸው መድኃኒቱን ወስደው ነፃ ከተባሉ በኋላ ጁላይ 30 ቀን እንደገና ተገኘባቸው። መድኃኒቱን ባልወሰዱ ሰዎችም ላይ ማገርሸት ታይቷል፤ ስለዚህ ለሁሉም መድኃኒቱን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ትክክል አይሆንም። ያገረሸበት ሰው በአብዛኛው ሕመሙ ቀላል ቢሆንም ቫይረሱ ሕያው ስለሚሆን ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ከኮሪያው ሁኔታ የሚለየውም በዚህ ነው።

ሦስተኛው እውነተኛው ዳግም መያዝ ሲሆን፣ ይህንን ለማረጋገጥ የቫይረሱን ሙሉ የዘር መልእክት ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ሕመም ናሙና አንብቦ ማነጻጸር ያስፈልጋል። የዚህ ቫይረስ የዘር መልእክት ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ኬሚካላዊ ፊደላት ያሉት ሲሆን፣ ቫይረሱ ራሱን በገለበጠ ቁጥር አልፎ አልፎ የፊደል ግድፈት ይገባበታል፤ ሁለቱ ናሙናዎች በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ በዚያን ያህል ጊዜ ሊፈጠር ከሚችለው በላይ በሆኑ ፊደላት ከተለያዩ ሁለተኛው ቫይረስ አዲስ የገባ መሆኑ ይታወቃል። በዚህ መንገድ በዓለም የመጀመሪያው የተረጋገጠ ዳግም መያዝ ኦገስት 24 ቀን 2020 በሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ሆነ። የ33 ዓመቱ ሰው በማርች መጨረሻ ታሞ ድኖ ነበር፤ ከአውሮፓ ሲመለስ በአውሮፕላን ማረፊያ በተደረገለት ምርመራ ከ142 ቀናት በኋላ እንደገና ቫይረሱ ተገኘበት፤ ሁለቱ ቫይረሶች በ24 ፊደላት ይለያዩ ነበር፣ በሁለተኛው ጊዜ ግን ሰውየው አንዳችም የሕመም ስሜት አልነበረውም። በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት የተገኘው የ25 ዓመት ወጣት ሁኔታ ከዚህ ይለያል፤ የመጀመሪያው ሕመም ቀላል ሆኖ አልፎ፣ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ነፃ መሆኑ ተረጋግጦ፣ በ48 ቀናት ልዩነት በሌላ ቫይረስ ተይዞ ኦክስጅን እስኪያስፈልገው ድረስ ታመመ። በኔዘርላንድስ ደግሞ በደም ካንሰር ምክንያት ሕክምና ላይ የነበሩ የ89 ዓመት አዛውንት ሴት ከመጀመሪያው ሕመም ሁለት ወር ገደማ በኋላ ዳግም ተይዘው አርፈዋል። ሦስቱ ታሪኮች አንድ ላይ ሲታዩ ዳግም መያዝ አንድ ወጥ መልክ እንደሌለው ያሳያሉ፤ ክብደቱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የሰውየው በሽታን የመከላከል አቅም ያለበት ሁኔታ ነው።

ታዲያ ኩፍኝ ለ65 ዓመታት ያልደገማቸው ሰዎች በነበሩበት ዓለም ኮቪድ በ48 ቀናት የሚደግመው ስለ ምንድን ነው? መልሱ በከፊል ያለው በሰዓት ጉዳይ ላይ ነው። አንድ ቫይረስ ወደ ሰውነት ሲገባ ቢ ሕዋሳት የሚባሉት የደም ሕዋሳት አንቲቦዲ የተባሉ ፕሮቲኖችን ያመርታሉ፤ አንቲቦዲ ቫይረሱ ላይ ተጣብቆ ወደ ሕዋስ እንዳይገባ የሚያግድ ነው። ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ደግሞ ቫይረሱ አስቀድሞ የገባባቸውን ሕዋሳት እየለዩ ያጠፋሉ። ሕመሙ ካለፈ በኋላ አብዛኞቹ አንቲቦዲ አምራች ሕዋሳት ይሞታሉ፣ የአንቲቦዲው መጠንም ይቀንሳል፤ ይህ የጤነኛ ሰውነት ሥርዓት ነው፣ በየጊዜው ለሚያልፈው ሕመም ሁሉ የተመረተው አንቲቦዲ ሳይቀንስ ቢከማች ደሙ ሊሸከመው አይችልምና። የሚቀሩት ግን ጥቂት ረጅም ዕድሜ ያላቸው አምራቾች በአጥንት መቅኒ ውስጥ፣ እንዲሁም የማስታወሻ ሕዋሳት የሚባሉት ቢ እና ቲ ሕዋሳት ናቸው፤ እነዚህም የቀድሞውን ጠላት መልክ ይዘው ይቆያሉ። በ2021 መጀመሪያ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ከኮቪድ ያገገሙ ሰዎች የማስታወሻ ሕዋሳት ቢያንስ እስከ ስምንት ወር እንደሚገኙ አሳይቷል።

በአፍንጫና በጉሮሮ ሽፋን ላይ ያለው አንቲቦዲ በበር ላይ እንደቆመ ዘብ ቢታሰብ፣ የማስታወሻ ሕዋሳት በየቀዬው ተበትኖ ክተት ሲታወጅ የሚሰበሰብ ጦር ናቸው፤ ጦሩ ለመሰባሰብ ጥቂት ቀናት ያስፈልጉታል። የኩፍኝ ቫይረስ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ሽፍታ እስኪያወጣ ድረስ በሊምፍ ዕጢዎችና በደም ውስጥ እየዞረ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ጦሩ ተሰብስቦ ሊደመስሰው በቂ ጊዜ አለው። ኮቪድ ግን ሥራውን የሚጀምረው እዚያው በአፍንጫና በጉሮሮ ነው፤ በተለይ ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ከተላለፈ በሦስት ቀን ገደማ ምልክት ያሳያል፣ ከምልክቱም በፊት ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ በበሩ ላይ ያለው አንቲቦዲ ከሳሳ ቫይረሱ ይገባል፣ ይራባል፣ ያስላል፣ ያተኩሳል፤ ወደ ሳንባ ወርዶ ከባድ ጉዳት ለማድረስ ግን ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ በዚያ ጊዜ ውስጥ የማስታወሻ ሕዋሳቱ ደርሰው ያቆሙታል። ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ጊዜ ለጥቂት ቀናት ታመው የሚነሡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዳግም መታመማቸው የመጀመሪያው ሕመም ምንም ጥበቃ አልተወላቸውም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላው ምክንያት የቫይረሱ መለዋወጥ ነው። ኮሮና ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባው ከገላው ላይ በቆሙ እሾህ መሰል ፕሮቲኖች አማካይነት ሲሆን፣ አብዛኛው አንቲቦዲም የሚጣበቀው በእነዚሁ ላይ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ የገላውን ፕሮቲኖች ብዙ ቢለውጥ ወደ ሕዋስ የመግባት ችሎታውን ያጣል፤ የኮሮና እሾህ ግን ብዙ ቦታ ላይ ተለውጦም ሥራውን መሥራት ይችላል። ቲ ሕዋሳት በአንጻሩ የሚያውቁት የቫይረሱን ብዙ ልዩ ልዩ ቁርጥራጮች ስለሆነ፣ እሾሁ ቢለወጥም ከዕውቀታቸው ብዙው አይጠፋም።

ታሞ በመዳን የተገኘ ጥበቃ የሚሳሳና ቫይረሱም የሚለዋወጥ መሆኑን አለማስተዋል ያስከተለውን መከራ ከብራዚሏ ማናውስ ከተማ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ቦታ የለም። ከተማይቱ በ2020 ኤፕሪልና ሜይ በከባድ ማዕበል የተመታች ሲሆን፣ በደም ለጋሾች ላይ የተመሠረተ ጥናት እስከ ኦክቶበር ድረስ ከነዋሪዎቿ 76 በመቶ ገደማ በቫይረሱ ተይዘው እንደነበር ገመተ። ይህ ቁጥር በንድፈ ሐሳብ ቫይረሱ የሚይዘው አጥቶ እንዲገታ ያደርገዋል ተብሎ ከሚታሰበው በላይ ነበር። ሆኖም ከዲሴምበር 1 እስከ 19 ቀን 2020 ባሉት ቀናት 552 የነበረው የሆስፒታል ገቢ ሕሙማን ቁጥር ከጃንዋሪ 1 እስከ 19 ቀን 2021 ባሉት ቀናት 3,431 ደረሰ፤ ኦክስጅን አለቀ፣ ሰዎችም በየሆስፒታሉ ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ። ተመራማሪዎች ለዚህ ያቀረቧቸው ምክንያቶች ከአንድ በላይ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግምት ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ጥበቃው ሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ጋማ የተባለው አዲስ ዝርያም በዚያው አካባቢ ተነሥቶ ነበር። ምክንያቶቹ በየትኛውም መጠን ቢከፋፈሉ፣ «በተፈጥሮ ይያዝና ይለቅ» በሚለው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ የሕዝብን ሕይወት መወሰን ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ የማናውስ ቤተሰቦች በሐዘናቸው አይተውታል፤ ይህ ሐሳብ በሌሎች አገሮችም በአደባባይ ሲቀነቀን የነበረ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝን ያደርገዋል።

ከኦሚክሮን በፊት የነበሩት ጥናቶች በአጠቃላይ የሚያጽናኑ ነበሩ። በእንግሊዝ በጤና ሠራተኞች ላይ የተደረገው ሳይረን የተባለ ጥናት ቀደም ሲል የተያዙ ሰዎች ዳግም የመያዝ አደጋቸው በ84 በመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የዴንማርክ ጥናትም ወደ 80 በመቶ የሚጠጋ ጥበቃ አግኝቷል፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ለብቻቸው ሲታዩ ጥበቃው 47 በመቶ ብቻ ነበር፣ ይህም ቁጥር ከሚገባው ያነሰ ትኩረት አግኝቷል። በኖቬምበር 2021 ከቦትስዋናና ከደቡብ አፍሪካ ሪፖርት የተደረገው ኦሚክሮን እሾሁ ላይ ከ30 በላይ ለውጦችን ይዞ ሲመጣ ሁኔታው ተለወጠ። አብዛኛው ነዋሪዋ ወጣት የውጭ አገር ሠራተኛ በሆነባትና ኢትዮጵያውያንም ለሥራ በሚኖሩባት በኳታር የተደረገ ጥናት፣ ቀድሞ መያዝ በአልፋና በዴልታ ዝርያዎች እንደገና ከመያዝ 90 በመቶ ገደማ ሲከላከል ከኦሚክሮን ግን የሚከላከለው 56 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አገኘ። በዴንማርክ ደግሞ በ2021 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ ከ20 እስከ 60 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ዳግም የተያዙ 187 ሰዎች ናሙና ተመርምሮ፣ ከእነርሱ 47ቱ ቢኤ.1 በተባለው የኦሚክሮን ንዑስ ዝርያ ተይዘው ድነው ወዲያው ቢኤ.2 በተባለው ወንድሙ የተያዙ መሆናቸው ታወቀ። አብዛኞቹ ወጣቶችና ክትባት ያልወሰዱ ነበሩ፤ ሕመማቸውም ቀላል ነበር። በወቅቱ በዚያች አገር ከተያዘው እጅግ ብዙ ሕዝብ አንጻር ቁጥሩ ጥቂት መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ በሳምንታት ውስጥ መድገም የሚቻል ነገር ነው፣ የተለመደ ግን አይደለም።

በ2023 ከ19 አገሮች 65 ጥናቶችን አሰባስቦ የታተመው ትንተና ሁለቱን ጥበቃዎች ለይቶ ያሳየ በመሆኑ ከሁሉም በላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ከመጀመሪያው ሕመም 40 ሳምንታት ያህል ቆይቶ፣ በመጀመሪያው ኦሚክሮን ዳግም ከመያዝ የሚከላከለው አቅም ወደ 36 በመቶ ሲወርድ፣ ሆስፒታል ከመግባትና ከሞት የሚከላከለው ግን 89 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊነሣ የሚገባው በ2022 መጨረሻ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የሕክምና መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የወጣው ጥናት ነው፤ ዳግም የተያዙ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ከተያዙት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት አደጋቸው ሁለት እጥፍ ገደማ፣ ሆስፒታል የመተኛት አደጋቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ሰዎች ይህን «ሁለተኛው ሕመም ከመጀመሪያው ይብሳል» ብለው ተረዱት፤ ጥናቱ ግን የጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ያነጻጸረው ዳግም የታመመውን ሰው ዳግም ካልታመመው ሰው ጋር እንጂ ሁለተኛውን ሕመም ከመጀመሪያው ጋር አልነበረም፤ ተሳታፊዎቹም በአብዛኛው በዕድሜ የገፉና ሌላ ሕመም ያለባቸው ወንዶች ነበሩ። ከጥናቱ በጥንቃቄ ሊወሰድ የሚችለው እያንዳንዱ መያዝ፣ ቢቀልም እንኳ፣ በሰውነት ላይ የራሱን ጫና የሚጨምርና ኮቪድ ካለፈ በኋላ ለወራት የሚዘልቀውን ድካምና የትንፋሽ ማጠር የማስከተል ዕድሉን የሚያድስ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ፣ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸበት ጊዜ አንስቶ ምርመራ ውድና ውስን ሆኖ ስለቆየ፣ የብዙ ሰው የመጀመሪያ መያዝ እንኳ ሳይመዘገብ አልፏል። በአዲስ አበባ በሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረገ የደም ምርመራ አንቲቦዲ የተገኘባቸው ሰዎች ድርሻ በኦገስት 2020 ከነበረበት 11 በመቶ ገደማ በፌብሩዋሪ 2021 ወደ 54 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ቁጥር ግን ከ200 ሺህ በታች ነበር። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ «ኮቪድ ያዘኝ» የሚል ሰው ያዘኝ የሚለው የመጀመሪያው ይሁን ሦስተኛው ማንም ሊያውቅለት አይችልም፤ «ጉንፋን ነው» ብሎ ያለፈውም እንደዚሁ። የዘር መልእክት ንባብ ለእያንዳንዱ ታማሚ የሚደረግ ነገር ስላልሆነ፣ ሐኪሙ የሚመረኮዘው በጊዜው ርዝመት፣ በምልክቱና በአካባቢው እየተዘዋወረ ባለው ዝርያ ላይ ነው። የአውሮፓ የበሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል 60 ቀናትን፣ የአሜሪካው አቻው 90 ቀናትን እንደ መለያ የተጠቀሙት አሮጌውን ስብርባሪ ከአዲሱ መያዝ በቁጥር መዝገብ ላይ ለመለየት ነው፤ አንዳንድ ሰዎች ግን እነዚህን ቁጥሮች «እስከ 90 ቀን አልያዝም» የሚል ዋስትና አድርገው ወስደዋቸዋል፣ ይህም ከኔቫዳውና ከዴንማርኩ ማስረጃ ጋር የማይስማማ ነው።

ስለዚህ ካገገመ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት እንደገና ትኩሳት፣ ሳልና የጉሮሮ ሕመም የጀመረው ሰው፣ ምልክቱ አዲስ ከሆነ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ቆጥሮ አፍንጫና አፉን መሸፈንና በተለይም በቤት ካሉ አረጋውያን መራቅ ይገባዋል። ምልክት ሳይኖረው ለጉዞ ወይም ለሥራ ሲመረመር ብቻ «አለበት» የተባለ ሰው ግን የሚገጥመው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ሕመም ስብርባሪ ነው፤ ሕያው ቫይረስ በብዛት ሲኖር ይበልጥ የሚያሳየው ፈጣኑ የአንቲጂን ምርመራ በዚህ ጊዜ ከፒሲአር የተሻለ ይረዳል። በዕድሜ የገፉ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረጉ፣ ሕክምና ያልጀመሩ ወይም ያቋረጡ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች የማስታወሻ ጦራቸው ደካማ ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ሕመም ቀላል ሆኖ ማለፉ ለሁለተኛው ዋስትና አይሆናቸውም፤ ለእነርሱ የማጠናከሪያ ክትባት አስፈላጊነት ከሌላው ሰው ይበልጣል፣ ፀረ ቫይረስ መድኃኒቱ በሚገኝበት ቦታም ምልክቱ በጀመረ በአምስት ቀናት ውስጥ ካልተወሰደ ጥቅሙ ስለሚቀንስ፣ «አንድ ጊዜ ታምሜ ድኛለሁ» ብለው ሳይዘገዩ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባቸዋል።